ብቻዬን ቦክስ እየሠራሁ ወኔዬ አለቀ፣ ምን ይሻላል?

ግራኙ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሥራ ደብረ ብርሃን ከመጣሁ ሰባት ወሬ ነው። እዚህ አብሮኝ ቦክስ የሚሠራ ሰው አላገኘሁም። ግቢ ያለው ዛፍ ላይ ጆንያ ሰቅያለሁ፤ ውስጡ አሮጌ ልብስና ሰጋቱራ ነው። መጀመሪያ እሳት ነበርኩ። አሁን ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስልኬ ሲጮህ ብርዱን አስብና ተመልሼ እሸፋፈናለሁ። አንድ እጄን በፋሻ ጠቅልዬ የተውኩበት ቀንም አለ። የአከራዬ ልጅ «ጋሼ፣ ከጆንያው ጋር ተጣላችሁ እንዴ?» አለኝ። እናንተ እንዴት ትዘልቁታላችሁ?

ጡረተኛው፦
ወንድሜ፣ ወኔን አትጠብቅ፤ አርፍዶ ነው የሚመጣው። ጠዋት «ሦስት ዙር ብቻ» በል። ሦስት ሦስት ደቂቃ፣ በመሃል አንድ ደቂቃ እረፍት። የአማተር ፍልሚያም ይኸው ነው። በድምሩ 11 ደቂቃ! ለዚህ ደግሞ ምን ሰበብ አለህ?

የኮልፌዋ፦
ቆይ፣ መጀመሪያ ጆንያህን እየው። ሰጋቱራው እየወረደ ሥሩ ድንጋይ ይሆናል። እኔ አንጓዬን ያበላሸሁት በሱ ነው፤ ሁለት ወር አስቀመጠኝ። በየሳምንቱ አውርደህ አገላብጠው። ደግሞ ስልክህን አስደግፈህ ራስህን ቅረጽ። ቀኝ እጄ ከመታ በኋላ ወደ አገጬ እንደማይመለስ ያየሁት እንደዚያ ነው። አሰልጣኝ ከሌለ ቪዲዮው ይቆጣሃል።

ግራኙ፦
ዛሬ ሠራሁ! ሦስት ያልኩት አምስት ሆነ። ቪዲዮውን ግን ባላየሁት ይሻል ነበር፤ ግራ እጄ ወገቤ ላይ ተኝቷል። ልጁ ሰዓት ያዥ ሆኗል። ዙሩ ሲያልቅ የድስት ክዳን ይመታል።