«ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ»፦ ነጥብ ይቀነስበት ወይስ ይታለፍ?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክራችን በአንዲት ትንሽ የእንግሊዝኛ ሐረግ ላይ ነው። የሰዋስው መጽሐፍ «ቢትዊን ዩ ኤንድ ሚ» (በአንተና በእኔ መካከል) በሉ ይላል። «ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ» የሚለው ሰው ግን ብዙ ነው፤ የተማረውም ጭምር። አስተማሪ ይቀንስበት ወይስ ይለፈው? ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ።

አራሚዋ፦ ምኑ ያከራክራል? «አይ» ለባለቤት፣ «ሚ» ለተሳቢ። ከመስተዋድድ በኋላ «ሚ» ነው፤ አለቀ። «ፎር አይ» ብሎ የሚጽፍ አይታችኋል? ታዲያ መሐል «ኤንድ» ስለገባች ሕጉ የሚሻረው በየትኛው አዋጅ ነው?

ግድየለሽ፦ እህቴ፣ ቀስ። ሼክስፒር «የቬኒሱ ነጋዴ» ውስጥ አንቶኒዮ በላከው ደብዳቤ ላይ «ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ» ብሎ ጽፏል። ለሱም ትቀንሺበታለሽ?

አራሚዋ፦ ሼክስፒር አይፈተንም። የዛሬ ልጅ የሚፈተነው በዛሬው እንግሊዝኛ ነው።

ጋሽ መምህር፦ ነገሩ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ልጁ መጀመሪያ «ሚ ኤንድ ጆን ዌንት» ይላል። እኛ ቱግ ብለን «ጆን ኤንድ አይ በል!» እንለዋለን። ለምን እንደሆነ ግን አንነግረውም። ልጁ የሚይዘው «ሚ» ነውር መሆኗን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ባገኘው ቦታ ሁሉ «አይ» ይሰካል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ጥንቃቄ ሲበዛ የሚመጣ ስህተት ነው። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቢል ክሊንተን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1992 የምርጫ ዘመቻ ላይ ለራሱና ለምክትል ዕጩው ድምፅ ሲጠይቅ «ጊቭ አል ጎር ኤንድ አይ ኤ ቻንስ» ብሏል። የሕግ ምሩቅ ነው እንግዲህ!

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሌላውን ሰው አውጡትና ዓረፍተ ነገሩን ሞክሩት። «ጊቭ አይ ኤ ቻንስ» ያስኬዳል? አያስኬድም። ስለዚህ «ሚ» ነው። «ቢትዊን» ላይ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ቃሉ ራሱ ሁለት ሰው ይፈልጋልና። እዚያ ሁለቱን በአንድ ቃል ተኩ። «ቢትዊን አስ» ይባላል እንጂ «ቢትዊን ዊ» አይባልም።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ «ማይሰልፍ»ስ? «ፕሊዝ ኮንታክት ጆን ኦር ማይሰልፍ» የሚል ኢሜይል በዝቷል።

ጋሽ መምህር፦ እሱ መሸሻ ነው። «አይ» ይሁን «ሚ» ግራ ሲገባው «ማይሰልፍ»ን ይወረውራል። ትልቅ ሰውም ያስመስለዋል። ቦታው «አይ ኸርት ማይሰልፍ» ዓይነት ላይ ነው፤ አድራጊውም ተደራጊውም እኔው ስሆን። ወይም ለአጽንዖት፣ «አይ ዲድ ኢት ማይሰልፍ» እንደሚባለው።

ግድየለሽ፦ እሺ፣ ሕጉ እንዲህ የጠራ ከሆነ በር ሲንኳኳ «ማነው?» ሲባል ለምን «ኢትስ ሚ» ይባላል? የድሮ ሰዋስው አስተማሪዎች ትክክሉ «ኢት ኢዝ አይ» ነው ይሉ ነበር። ዛሬ እንዲያ ብሎ የሚመልስ ቢመጣ በሩን የምንከፍትለት እየሳቅን ነው። አራሚዋ፣ እዚህስ ላይ ትቀንሻለሽ?

አራሚዋ፦ አልቀንስም። ሁሉም የሚለው ነው።

ግድየለሽ፦ ያዝኩሽ! ልማድ ሕግ ይሽራል ማለት ነዋ።

አራሚዋ፦ ይሽራል፣ ሲያልቅለት። «ኢትስ ሚ» ማንንም አይቆረቁርም። «ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ» ግን ገና ብዙ ጆሮ ይቆረቁራል። የሥራ ማመልከቻ የሚያነብ ሰው ደግሞ የቋንቋ ታሪክ አያገናዝብም። አንተ ስትከራከር ምንም አትሆን፤ ልጁ ነው የሚጎዳው።

ጋሽ መምህር፦ እኔ በጽሑፍ ግማሽ ነጥብ እቀንሳለሁ። በቃል ፈተና አልነካውም።

ግድየለሽ፦ ግማሽ! ጋሼ፣ ይህቺ ሽምግልና ናት።

ጠያቂ፦ «አይ ኤንድ ጆን ዌንት» ብዬ ራሴን ባስቀድምስ?

አራሚዋ፦ ራስን ማስከተል ወግ እንጂ የሰዋስው ሕግ አይደለም። አልቀንስብህም፤ ዳር ላይ ግን በቀይ አሰምርበታለሁ።