ታንከሩን ስሞላ መኪናዬ ውስጥ ቤንዚን ይሸታል፤ ከየት ይሆን?

የመንታ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ የቤንዚን ናት፣ ኢንጀክሽን፣ ዕድሜዋ ገፍቷል። ታንከሩን በሞላሁ ቁጥር ውስጧ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ቀድመው የሚያማርሩት ኋላ የሚቀመጡት ልጆቼ ናቸው፤ እኔ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ከግማሽ በታች ሲወርድ ሽታው ይጠፋና እንደገና ስሞላ ይመጣል። ጎንበስ ብዬ ከሥሯ አየሁ፣ የሚንጠባጠብ ነገር የለም። የሞተር መብራትም አልበራም። ጋራዥ ወሰድኳት፤ ስካነር ሰኩና «ኮድ የለም፣ ጤነኛ ናት፤ ግን ካኒስተሩን እንቀይረው» አሉኝ፤ የታንከሩን እንፋሎት የሚይዘው የከሰል ሳጥን ነው። ጤነኛ ከሆነች ምኑን ነው የሚቀይሩት? ዕቃው ደግሞ ውድ ነው። ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት የምታውቁ ምከሩኝ።

ፈጣኑ፦
የመሙያውን ክዳን ቀይሪው። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ይተነፍሳል። የእኔ በዚያው ድኗል።

አሮጌ መፍቻ፦
ክዳኑን ማየት አይከፋም፤ ጎማው ተሰነጣጥቆ እንደሆነ በጣትሽ ዳብሺው። ግን ክዳን ቢሆን ሽታው ከውጭ ይበረታ ነበር እንጂ ልጆችሽ ጋ ቀድሞ አይደርስም።

እህቴ፣ የቤንዚን ሽታ አለ ብሎ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «መቼ መቼ ነው?» ብዬ ነው። ጠዋት ሞተር ሲነሳ ሸቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ የኢንጀክተር ኦሪንግ (ቤንዚን የሚረጨው ዕቃ ላይ ያለው የማሸጊያ ቀለበት) ጠጥሯል ብዬ እጠረጥራለሁ። ቆመሽ ማራገቢያው ሲሠራ የሚመጣ ከሆነ ከኮፈኑ ሥር ነው፤ ካቢና የሚገባው አየር የሚሳበው ከፊት መስታወቱ ግርጌ ስለሆነ ሞተሩ አካባቢ ያለውን ሽታ ሁሉ ይዞ ይገባል። ያንቺ ሲሞላ ይመጣል፣ ሲጎድል ይሄዳል፣ ከኋላ ይጀምራል። ስለዚህ የሚያፈሰው ከታንከሩ የላይኛው ክፍል ነው፦ የመሙያው አንገት ላስቲክ፣ ከላይ የሚወጡት ቀጫጭን ቱቦዎች፣ ወይም ታንከሩ ውስጥ ያለው የቤንዚን ፖምፓ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም የማሸጊያ ላስቲኩ። እኔ የመጨረሻውን ነው የምጠረጥረው። ከሥር አለመንጠባጠቡም ለዚህ ነው፤ ታንከሩ አናት ላይ የሚወጣው ጥቂት ቤንዚን መሬት ሳይደርስ ይተናል።

ስካነሩን አትመኚው። ኮምፒውተሩ የእንፋሎት መፍሰስን የሚፈትነው አብዛኛውን ጊዜ ታንከሩ ከ15 እስከ 85 በመቶ ሲሆን ነው፤ ሞልተሽ ስትነጂ ፈተናውን ይዘለዋል። ሲጎድል ቢፈትንም ትንሽ የእንፋሎት መፍሰስን የሚያመለክተው ፒ0442 የሚለው ኮድ የሚወጣው ቀዳዳው 1 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን ነው። ከነጭራሹ ይህ ፈተና የሌላቸው መኪኖችም አሉ። ካኒስተር ደግሞ በብዛት የሚሞተው ቀጂው ጠቅ ብሎ ከቆመ በኋላ «ጨምሩበት» ሲባል ነው፤ ፈሳሹ ውስጡ ያለውን ከሰል ያርሰዋል። እንዲህ ታስደርጊያለሽ?

ካልሆነ የኋላውን መቀመጫ አንሺና ምንጣፉን ግለጪ። በብዙ መኪኖች እዚያ ክብ ቆርቆሮ አለ፤ ከሥሩ የፖምፓው ራስ ነው። በሞላሽ ማግስት ጠዋት ክፈቺው። አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል፣ በዓይንሽ ሥሪ፦ ደረቅ አቧራ መሃል ረጥቦ የጠቆረ ቦታ ፈልጊ።

የመንታ እናት፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ጠቅ ካለ በኋላ አላስጨምርም። ቆርቆሮውን ሳነሳው ሽታው ፊቴን መታኝ። በፖምፓው ራስ ዙሪያ ያለው አቧራ በአንድ በኩል ጠቁሮ ጭቃ ሆኗል። ቱቦዎቹ ደረቅ ናቸው።

ሁሉን ሞካሪ፦
በቃ ሲሊኮን ቀብተሽ ዝጊው።

አሮጌ መፍቻ፦
ኧረ በፍጹም! ተራ ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ይለሰልስና ይላቀቃል፤ ቁራጩ ታንከር ውስጥ ወድቆ የፖምፓውን ወንፊት ይዘጋል። ከዚያ በአንድ ችግር ፈንታ ሁለት ይሆንልሻል።

ለሞዴልሽ የሚሆን አዲስ ጓርኒሲዮን ግዢ፤ ርካሽ ዕቃ ነው። ሥራውን ግን እጁ የለመደ ሰው ይሥራው፣ አንቺ አጠገቡ ቁሚ። ታንከሩ ወደ ሩብ ይውረድ። ደጅ ይሠራ፣ በሮቹ ሁሉ ይከፈቱ። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ይከብዳልና ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ብርድ እንኳ እሳት ለመያዝ አያግደውም፣ በአምፖል ፍንጣሪም ይነሳል። የዱቄት እሳት ማጥፊያ ቅርብ ይሁን። መጀመሪያ የፖምፓው ፊውዝ ይነቀልና ሞተሩ ይነሳ፤ በመስመሩ የቀረውን ጨርሶ ራሱ ይጠፋል። ይህ ካልተደረገ መስመሩ ውስጥ 3 ወይም 4 ባር ግፊት ስላለ ቱቦው ሲላቀቅ ዓይን ውስጥ ይረጫል። ቀጥሎ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ።

የፖምፓው ራስ ሳይከፈት አቧራው ይጠረግ፣ አለዚያ ታንከር ውስጥ ይገባል። ፖምፓውን የያዘውን ቀለበት በብረት መዶሻና በካቻቢቴ እንዳይመታው፣ በእንጨት ይምታው። አሮጌው ጓርኒሲዮን ቤንዚን ጠጥቶ ስለሚያብጥ አንዴ ከወጣ በቦታው አይገባም፤ «ይሠራል» ቢልሽ እሺ አትበዪ።

የመንታ እናት፦
ተሠራ! ጓርኒሲዮኑ በአንድ በኩል ተጣጥፎ ነው የተገኘው። መካኒኩ እንዳለው ከእኔ በፊት የነበሩት ባለቤት ፖምፓ ሲያስቀይሩ አሮጌው ተመልሶ ተጭኖበታል። አስሞልቼ ነዳኋት፣ ከኋላም ቅሬታ አልተሰማም። ካኒስተሩ አልተነካም። መቀመጫው ላይ አፍንጫዬን ስደቅን ግን ትንሽ ትንሽ ይሸተኛል፤ ልስጋ?

አሮጌ መፍቻ፦
ስፖንጁና ምንጣፉ የጠጡት ይሆናል። አውጥተሽ ጥላ ሥር ነፋስ ላይ ዘርጊው፣ ሽቶ አትርጪበት፤ አዲስ ሽታ ቢመጣ ይደብቅብሻል። በሚቀጥለው ስትሞዪ ቆርቆሮውን አንስተሽ ዙሪያውን በነጭ ጨርቅ ጥረጊ። ደረቅ ከሆነ ቆርቆሮውን ከነማጣበቂያው መልሰሽ ግጠሚው፣ ያ ማጣበቂያ ከመንገድ ውኃና አቧራ እንዳይገባ ነው።