ባዶ ሃይላንድ ለቤትና ለጓሮ፦ የትኛው አገልግሎት ይበጃል፣ የትኛውስ ይቅር?

ጥያቄ፦ የሰሚት ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁ። በቤታችን ከተደረገ የክርስትና ድግስ በኋላ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ባዶ ሃይላንድና የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተከማችቶ በረንዳውን ዘግቶብናል። ከመጣላቸው በፊት ጥቅም እንደሚገኝባቸው ስለማምን ሦስት ነገር ልጠይቃችሁ። አንደኛ፣ ከቤታችን ጀርባ ባለች ጠባብ መሬት ላይ ቲማቲም፣ ቃሪያና ቆስጣ እንተክላለን፤ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ጠርሙሶቹን ለማጠጫነት የማዋል አስተማማኝ ዘዴ ካለ ብታስረዱኝ። ሁለተኛ፣ ምስር፣ ሽሮና ንጥር ቅቤ ቢቀመጥባቸው ጉዳት ይኖረው ይሆን? ሦስተኛ፣ ባለቤቴ በፕላስቲክ ፀሐይ ላይ የዋለ ውሃ ጤና ይጎዳል ሲል፣ ጡረታ የወጡ ነርስ ጎረቤታችን ደግሞ ውሃን በዚሁ ጠርሙስ በፀሐይ ማከም እንደሚቻል ነግረውኛልና የሁለቱ ሐሳብ እንዴት እንደሚታረቅ አልገባኝም።

መልስ፦ የቢሾፍቱ አትክልተኛ

እህቴ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ልመልስና ሌላውን ለሚያውቁት ልተወው። ለጠብታ ማጠጫ የሚሻለው ባለ ሁለት ሊትሩ ጠርሙስ ነው፤ የግማሽ ሊትሩ ፀሐይ ሳይበረታ ያልቃል። መርፌ በእሳት አግለው ክዳኑን ሁለት ቦታ ይብሱት። የጠርሙሱን ታች ሲቆርጡ ሙሉ በሙሉ አያንሱት፤ ሁለት ጣት ያህል ሳይቆረጥ ከተተወ እንደ መክደኛ እየተከፈተ ይዘጋል። ከዚያም አንገቱን ወደ ታች ዘቅዝቀው፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል አርቀው፣ ሲሶው እስኪቀበር ይትከሉት። ብዙ ሰው ዘዴው አልሠራልኝም የሚለው ታቹን ሳይቆርጥ በውሃ የተሞላውን ጠርሙስ ስለሚዘቀዝቀው ነው፤ አየር የሚገባበት ከሌለ ውሃው ጥቂት ከተንጠባጠበ በኋላ ቀጥ ይላል። ቀዳዳውን አፈር እንዳይደፍነው ክዳኑን በቁራጭ ጨርቅ ይሸፍኑት። ዋልካ አፈር ውሃን ቀስ ብሎ ስለሚቀበል ሁለቱ ቀዳዳ አይከፋም፣ አሸዋማ አፈር ላይ ግን አንዱ ይበቃል። ደግሞም ጠርሙሱ መቀበር ያለበት ችግኙ ከመተከሉ በፊት ወይም በዚያው ዕለት ነው፤ ዘግይተው ከቆፈሩ ሥሩን ይቆርጡታል።

ይህ ለቲማቲምና ለቃሪያ ነው። ቆስጣ ተቀራርቦ ስለሚበቅል ለእያንዳንዱ እግር ጠርሙስ ማዳረስ ትርፉ ድካም ነው፤ ለእርሱ የአንዱን ጠርሙስ ክዳን በብዙ ቦታ በስተው እንደ ማርከፍከፊያ ቢጠቀሙበት ይሻላል። ግማሹን ቆርጠው ችግኝ ሊያፈሉበት ከሆነ ታቹን መብሳትዎን አይርሱ፤ ብርሃን በግልጹ ፕላስቲክ አልፎ ከሥሩ ዙሪያ አረንጓዴ ልጥፍ እንዳያበቅል ደግሞ ውጪውን በጋዜጣ ይጠቅልሉት። ፀሐይ ላይ ከርሞ ሲጫኑት የሚሰነጠቅ ጠርሙስ ወዲያው ከጓሮው ይውጣ፤ ተሰባብሮ ከአፈር ከተቀላቀለ በኋላ የሚለቅመው የለም።

መልስ፦ በምግብ ዝግጅት ሙያ የሠራሁ

ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ለማስቀመጥ ጠርሙሱ እጅግ ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ከጆንያ ይበልጣል። እህሉ በደንብ ደርቆ እስከ አፉ ከተሞላና ክዳኑ ጠብቆ ከተዘጋ፣ ውስጥ የቀረ ነቀዝ ያለችውን ጥቂት አየር ጨርሶ ይሞታል። የጠርሙሱ ውስጥ ግን ታጥቦ ለቀናት ተዘቅዝቆ መድረቅ አለበት፤ አንዲት የውሃ ጠብታ እህሉን ለማሻገት ትበቃለች። ሽሮና በርበሬም ከወፍጮ እንደመጡ ትኩሱን መሞላት የለባቸውም፣ እንፋሎቱ ተመልሶ ክዳኑ ሥር ውሃ ይሆናልና። በርበሬ የተቀመጠበት ጠርሙስ ደግሞ ሽታው ስለማይለቀው ዳግመኛ ለሌላ ምግብ አይሆንም።

ንጥር ቅቤን አልመክርም። እነዚህ ጠርሙሶች የሚሠሩበት ፔት የተባለው ፕላስቲክ ወደ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ መለስለስ ይጀምራል፤ ትኩስ ቅቤ ሲፈስበት ይኮማተራል፣ በርዶ ሲረጋ ደግሞ በጠባቡ አፍ አይወጣም። ጠላና ብርዝ የሚያስቀምጡም አሉ። የውሃው ጠርሙስ ስስ ስለሆነ እየፈላ ያለ መጠጥ ያሳብጠዋል፤ የለስላሳው፣ ታቹ አምስት እግር ያለው፣ የጋዝን ግፊት እንዲችል የተሠራ ነው፤ ያም ቢሆን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት አይገባም።

ባለቤትዎና ጎረቤትዎ ሁለቱም እውነት አላቸው። ፔት ሲመረት የሚገባ አንቲሞኒ የተባለ ንጥረ ነገር አለ፤ ጠርሙሱ ለረጅም ጊዜ በከባድ ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ወደ ውሃው የሚሄደው መጠን ይጨምራል። ስለዚህ የመጠጥ ውሃን ለሳምንታት መኪና ውስጥ ወይም ቆርቆሮ ሥር ማቆየት መልካም አይደለም። ጎረቤትዎ የነገሩዎት ዘዴ ግን የአንድ ቀን ጉዳይ ነው፤ ያልተጫጫረ፣ ከሁለት ሊትር ያልበለጠ ግልጽ ጠርሙስ በውሃ ተሞልቶ ፀሐይ ላይ ለ6 ሰዓት ይጋደማል፣ ሰማዩ በደመና ከተሸፈነ ደግሞ ለ2 ተከታታይ ቀናት። ጀርሞችን የሚገድለው በዋናነት የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ስለሆነ ድፍርስ ውሃ ላይ አይሠራም። የሞላውን ጠርሙስ ጋዜጣ ላይ አቁመው ከላይ በአፉ ሲመለከቱ የርዕሱ ፊደል ካልተነበበ መጀመሪያ ያጥሉት። ኬሚካል ያለበትን ውሃ ይህ ዘዴ አያጠራውም።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ በረኪና፣ ነጭ ጋዝና ፀረ ተባይ መድኃኒት በሃይላንድ አይቀመጥ። «መርዝ» ብሎ መጻፍም አይበቃም፤ የተጠማ ሕፃን ጠርሙሱን እንጂ ጽሑፉን አያይም።

መልስ፦ ከድሬዳዋ

ለጓሮው የተሰጠው ምክር መልካም ቢሆንም እንደ እኛ ላለ ቆላ ከተማ አንድ ማስጠንቀቂያ ይጎድለዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 በቀብሪ ደሃር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ ከተማ ውስጥ በውሃ ማጠራቀሚያዎች ትራባለች፤ በ2022 ከተማችን ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝም ከእርሷ ጋር ተያይዟል። የደንጊ ትኩሳት አስተላላፊዋ ደግሞ በተቆረጠ ጠርሙስ ውስጥ የቀረች ትንሽ ውሃ ትበቃታለች። ስለዚህ የተቆረጠው ታች እንደ መክደኛ ሆኖ ይዘጋ የተባለው አማራጭ ሳይሆን ግዴታ ተደርጎ ይወሰድ። በአበባ መደብ ዙሪያ እንደ አጥር የሚደረደሩትም ክዳናቸው ይጥበቅ፣ ክፍት ሆኖ ውሃ የያዘ ዕቃ ሁሉ በየሳምንቱ ይደፋ።

መልስ፦ አስተያየት ሰጪ

ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ጠርሙስ የምትጨርስ ጠባብ ጓሮ ያለች አይመስለኝም። የሚያስፈልግዎትን ያህል መርጠው ሌላውን ሳይቆርጡና ሳያቆሽሹ ለቆራሌው ቢሰጡት ይሻላል። ንጹሕ ሆኖ የደረሰ ጠርሙስ ተፈጭቶ ዳግም ጥሬ ዕቃ ይሆናል፤ ተቆርጦ ጭቃና ቀለም የነካው ግን የሚፈልገው ጥቂት ነው። ክዳኑ ከሌላ ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ በመሆኑ ለብቻው ቢሰበሰብ የተሻለ ነው።

የጠያቂዋ ተጨማሪ ጥያቄ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ሃያ ያህል አስቀርቼ ሌላውን ለቆራሌው እሰጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ የተቆረጠው ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለሚሆን ከልጆች ጋር እንዴት ይደረጋል?

መልስ፦ የቢሾፍቱ አትክልተኛ

ካውያ በመካከለኛ ሙቀት ያግሉ፤ የካውያውን ፊት በአልሙኒየም ወረቀት ሸፍነው የተቆረጠውን ጠርዝ ለጥቂት ሰከንድ ቀጥ አድርገው ያስነኩት። ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ለስላሳ ከንፈር ይሠራል። ከልክ በላይ ከተጫኑት ይጨማደዳልና በማይፈልጉት ጠርሙስ ይሞክሩት፤ ሽታም ስላለው በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ተከፍቶ ይሠራ።