የጊታሬን ነት በምን ልተካው?

ፒያሳ ነው የምኖረው። ስትራቶካስተር ቅርጽ ያለው ኤሌክትሪክ ጊታር አለኝ። ነቱ፣ ማለትም ክሮቹ ከአንገቱ ጫፍ የሚያርፉባት ቁራጭ፣ ፕላስቲክ ናት። የሦስተኛው ክር ማረፊያ ተበልቶ ጠለቀ። ባዶውን ስመታው ክሩ የመጀመሪያውን ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለውን የብረት ዘንግ) እየነካ ይንጣጣል። በሱፐር ግሉና በቤኪንግ ሶዳ ሞላሁት፤ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ተፈረፈረ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ትዝታ ስጫወት ነው። ክሩን ገፍቼ ስለቀው ነቱ ይይዘውና ቃናው ወደ ቦታው አይመለስም።

ከሥጋ ቤት የበሬ ቅልጥም አምጥቼ፣ ስቡን አውጥቼ አድርቄዋለሁ። የአጥንት ድምፅ ደስ ይለኛል፤ ግን በደንብ ካልተሞረደ እሱም ክር ይይዛል። ከውጭ የሚመጣ ዘመዴ ደግሞ ግራፋይት (የእርሳስ ልብ የሚሠራበት ማዕድን) ያለበት፣ ክር የሚያንሸራትት ነት ላምጣልህ ብሎኛል። የጊታሬ ነት ርዝመቱ 42፣ ውፍረቱ 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። ክሮቼ ከ10 እስከ 46 (ውፍረታቸው በሺኛ ኢንች) ናቸው። ትሬሞሎውን (ቃናውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን እጀታ) ብዙም አልነካም፤ ክር መግፋት ግን አበዛለሁ። ለእንዲህ ዓይነት አጨዋወት አጥንቱን ልቅረጽ ወይስ ግራፋይቱን ልጠብቅ?