የሦስቱ ያሺካዎች ጥገናና ውሰት፦ ለጉባኤ የሚቀርብ ረቂቅ

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከተዘጋው ፎቶ ቤት በስጦታ ያገኘናቸው ሦስት ያሺካ ማት 124ጂ፣ ማለትም ባለ ሁለት ሌንስ የፊልም ካሜራዎች፣ እስካሁን ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው። ክረምቱ ሳይገባ አንድ ነገር ካላደረግን ሻጋታ ይበላቸዋል። ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እናብስለው። የእኔ መነሻ አጭር ነው። በማኅበሩ ገንዘብ እናስጠግናቸው፣ ከዚያ አባላት በየተራ እየተዋሱ ያንሱባቸው። የጎደለውን ጨምሩ፣ ያልተስማማችሁበትን በግልጽ ጻፉ።

ወጣት አባል፦
ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን ገንዘብ ከወጣ አይቀር ለምን አንድ ሃሰልብላድ 500ሲ/ኤም አንገዛም? ሌንሱ ይቀየራል። የፊልም ቤቱም ተነቅሎ ይቀየራል፤ በጥቁርና ነጭ ጀምረህ መሃል ላይ ወደ ቀለም መዞር ትችላለህ። አሜሪካዊው ጠፈርተኛ ዋልተር ሺራ እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ጠፈር ይዞት የወጣው የዚህ ካሜራ ቀዳሚ የሆነውን 500ሲ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ቢኖረን ብዙ ወጣት ወደ ማኅበሩ ይመጣል።

የቀድሞ ባለ ፎቶ ቤት፦
ልጄ፣ ሃሰልብላድ ድንቅ ካሜራ ነው። እኔም ስመኘው ኖሬያለሁ። የምቃወመው ለውሰት ስለማይሆን ነው። እያንዳንዱ ሌንስ የራሱ ሻተር፣ ማለትም ለቅጽበት ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባ መዝጊያ፣ አለው። ሦስት ሌንስ ካለህ ሦስት ሻተር ታስጠግናለህ። ሌላም አለ። ሌንሱ ከካሜራው ጋር ሲገጠም ሁለቱም የተወጠሩ፣ ማለትም ለመተኮስ የተዘጋጁ፣ መሆን አለባቸው። አንዱ ተተኩሶ ሌላው ተወጥሮ ከተገጣጠሙ ካሜራው ይቆለፋል። ያን ጊዜ የማያውቅ ሰው በጉልበት ይጠመዝዘዋል። እጅ ለእጅ የሚዞር ዕቃ እንዲህ ዓይነት ጠባይ ሊኖረው አይገባም።

ያሺካው ሌንሱ አይነቀልም፣ ሻተሩም አንድ ነው። እጀታውን ስታዞር ፊልሙ ይሄዳል፣ ሻተሩም አብሮ ይወጠራል። እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1986 ድረስ የተመረተ ካሜራ ስለሆነ መለዋወጫ የሚሆን አሮጌ ሬሳ ዛሬም ይገኛል። ከሁሉ በላይ ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። የአንዱ ብሎን ለሌላው ይሆናል። አንዱ ጨርሶ ካልዳነ ሁለቱን ያድናል። ስለዚህ ረቂቁ ላይ «ሌላ ዓይነት ካሜራ አይገዛም፣ ያለንን እናድናለን» የሚል ይግባልኝ።

ወጣት አባል፦
ገባኝ ጋሼ። የሃሰልብላዱን ሐሳብ አንስቻለሁ። ገንዘቡ ከተረፈ ለፊልም ይዋል።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔ ግን ሳይመረመሩ በጀት አልፈርምም። ምን እንደሚጎድላቸው በወረቀት ላይ ይቀመጥልኝ። ሞያው ያለው ሰው ይናገር።

ሰዓት ሠሪው አባል፦
ሦስቱንም አይቻቸዋለሁ። ምርመራው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ስልካችሁ በሰከንድ 240 ፍሬም የሚቀዳ ከሆነ ይበቃል። የኋላ በሩን ትከፍታላችሁ፣ ከፊት መብራት ታደርጋላችሁ፣ እየቀዳችሁ ትተኩሳላችሁ። ሻተሩ 1/30 ሰከንድ ላይ ሲሆን ብርሃኑ 8 ፍሬም ያህል ይታያል። በ1 ሰከንድ ደግሞ 240። ለ1/250 እና ለ1/500 ስልክ አያስተማምንም፤ እነሱን ፊልም አንስተን ነው የምናውቃቸው።

የሦስቱም ሕመም አንድ ነው። ፈጣኖቹ ፍጥነቶች ይሠራሉ፣ ዘገምተኞቹ ይተኛሉ። አንደኛው በ1 ሰከንድ ተከፍቶ ይቀራል። ጆሮዬን አስጠግቼ ሳዳምጠው ዘገምተኛውን ፍጥነት የሚቆጥረው ጥርስ ዝዝዝ ብሎ ይጀምርና መሃል ላይ ዝም ይላል። ትንሽ ነካ ሲያደርጉት ይጨርሳል። ይህ ስብራት አይደለም፣ የድሮ ቅባት ነው የደረቀው። የፊቱ ቆዳ በቀስታ ይላጣል፣ ከሥሩ ያሉት ብሎኖች ይፈታሉ፣ የፊት ሌንሱ ይወጣል። ከዚያ ጥርሶቹ በላይተር ቤንዚን ይታጠባሉ፤ እሱም በቀጭን ብሩሽ ጫፍ፣ በጥቂት በጥቂቱ። በአንዴ ካፈሰሱት የሟሟው ቅባት ወደ ሻተሩ ቅጠሎች ይወርዳል። ቅጠሎቹ ደግሞ ፍጹም ደረቅ መሆን አለባቸው። ትንሽ ዘይት ከነካቸው እርስ በርስ ይጣበቃሉ። አደራ፣ ማንም «ላለስልሰው» ብሎ ዘይት ጠብ እንዳያደርግበት።

የኋላ በሩ ዙሪያ ያለው ስፖንጅ ደግሞ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ሆኗል። ብርሃን ያስገባል። ተፍቆ ይወጣል፣ በቦታው ጥቁር የሱፍ ክር ይለጠፋል። ካቻቢቴውም ማጉያ መነጽሩም አለኝ። የእጅ ዋጋ አልጠይቅም። የሚገዛው ቤንዚን፣ ክርና ማስቲሽ ብቻ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
እንዲህማ ከሆነ ተስማምቻለሁ። የዕቃውን ዋጋ ጻፍልኝ።

የቀድሞ ባለ ፎቶ ቤት፦
ተባረክ ልጄ። ሁለት ነገር ልጨምርልህ። መመልከቻው ሥር ያለው መስታወት ብሩ የተቀባው ከፊቱ ነው፣ እንደ ቤት መስታወት ከጀርባው አይደለም። በጨርቅ ከነካኸው ይላጣል። አየር ብቻ ንፋበት።

ሁለተኛ፣ ሌንሱ ወጥቶ ከገባ በኋላ ፎከሱ ሳይፈተሽ ካሜራው ለማንም እንዳይሰጥ። ዓይንህ የሚያየው በላይኛው ሌንስ ነው፣ ፊልሙን የሚመታው የታችኛው ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ጥርት አድርገህ ያየኸው ፊት ፎቶው ላይ ብዥ ይላል። የፎቶ ቤት ሰው የሚያፍረው በዚህ ነው። ፊልሙ የሚያርፍበት ሐዲድ ላይ ብርሃን የሚይዝ ደብዛዛ መስታወት ታስቀምጣለህ። ሻተሩን «ቢ» ላይ፣ ማለትም እስከተጫንከው ድረስ ክፍት በሚቆይበት ቦታ፣ ከፍተህ ትይዘዋለህ። ከዚያ ሩቅ እንጦጦ ላይ ያሉትን አንቴናዎች በማጉያ ታያለህ። መጀመሪያ የታችኛው ይስተካከላል፣ ቀጥሎ የላይኛው እሱን እስኪከተል ይዞራል። እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ።

አስተማሪዋ፦
የብርሃን መለኪያውን ከጥገናው እናውጣው እላለሁ። የተሠራው ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ነው፤ ያ ባትሪ ደግሞ ከገበያ ወጥቷል። የዛሬው 1.5 ቮልት ስለሆነ መርፌው ካለው በላይ ብርሃን እንዳለ ያሳያል። የተነሳው ፎቶም ይጨልማል። ከዚያ ይልቅ በዓይን መለካትን እናስተምር። የብርሃን ስሜቱ (አይኤስኦ) 100 በሆነ ፊልም፣ የአዲስ አበባ ፀሐይ ወለል ባለበት ቀን፣ የሌንሱ ቀዳዳ 16 ቁጥር ላይ ፍጥነቱ 1/125 ላይ። ጥላ የማይጥል ደመና ሲሆን ቀዳዳው 8። ይህን የያዘ ልጅ ባትሪ አያሳስበውም።

ዋሽንግተን ዲሲ ያለው አባል፦
እህቴ፣ በዓይን መለካቱ ትክክል ነው። ግን መለኪያውን ጨርሰን አንተወው። የመስሚያ መሣሪያ ባትሪ፣ ቁጥር 675፣ 1.4 ቮልት ይሰጣል። ዙሪያውን ቀለበት ሲደረግለት እዚያ ቦታ ይቀመጣል። ችግሩ፣ ባትሪው ላይ የተለጠፈው ልጣጭ ከተነሳ በኋላ ሳትጠቀምበትም ያልቃል። ለፋሲካ ስመጣ ጥቂት ይዤ እመጣለሁ። ደብዛዛውን መስታወትም ከዚህ አስቆርጣለሁ። ይህ የእኔ መዋጮ ይሁን።

አስተማሪዋ፦
እሺ። ለሚፈልግ ይኑር። ትምህርቱ ግን በዓይን ይጀመር።

ጸሐፊ፦
እስካሁን የተባለውን አስገብቼ ረቂቁ እንዲህ ሆኗል። ሌላ ዓይነት ካሜራ አይገዛም። ጥገናው በራሳችን ባለሞያ ይካሄዳል፣ ፎከሱ በጋሼ ተፈትሾ ይጸድቃል። ካሜራዎቹ በቆዳ ማኅደራቸው ውስጥ አይቀመጡም፣ ቆዳው እርጥበት ይይዛል። እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ባለበት የሚከደን ዕቃ ውስጥ ይሆናሉ። ተዋሽ ባይኖርም በየወሩ ሻተሩ በሁሉም ፍጥነት ይተኮሳል፤ ሥራ የፈታ ሻተር ተመልሶ ይደርቃልና። ተዋሹ አንድ ካሜራ ለሁለት ሳምንት ይወስዳል፣ የመያዣ ገንዘብ ያስቀምጣል።

ተማሪ አባል፦
የመጨረሻው ላይ ቅሬታ አለኝ። እንደኛ ያለ ተማሪ የካሜራ መያዣ ከየት ያመጣል? አንድ 120 ፊልም 12 ፎቶ ነው የሚሰጠው። ፊልሙን ገዝተን፣ አሳጥበን፣ መያዣም ከተጨመረ ካሜራዎቹ ገንዘብ ላለው ብቻ ይሆናሉ።

ገንዘብ ያዥ፦
ወንድሜ፣ መያዣው ለክፋት አይደለም። ካሜራው ቢወድቅ ማን ይከፍላል?

የቀድሞ ባለ ፎቶ ቤት፦
ፎቶ ቤት ውስጥ ስንት ተለማማጅ አሳድጌያለሁ። ካሜራ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ በመውደቅ አይደለም፣ ባለማወቅ ነው። እንቢ ያለውን እጀታ በጉልበት በማዞር። ስለዚህ መያዣው ሞያ ይሁን። ጊዜው ያለፈበት ፊልም አለኝ። ተዋሹ እፊታችን ያጉርሰው። ፊልሙን የሚጫነው የኋላ ሰሌዳ 12 ላይ መሆኑን ይይ፤ ይህ ካሜራ 24 ፎቶ የሚሰጠውን ረጅም ፊልምም ይቀበል ስለነበር የተሳሳተ ቦታ ላይ ሊገኝ ይችላል። የፊልሙ መሸፈኛ ወረቀት ላይ ያለውን ቀስት ከካሜራው ምልክት ጋር ያገጣጥም። በሩን ዘግቶ፣ እጀታው ራሱ እስኪቆም ያዙር። ሲቆም እጁን ያንሳ። ይህን ሳይደናገር ያደረገ ይውሰድ።

ገንዘብ ያዥ፦
የጋሼን ሐሳብ እቀበላለሁ፣ ግን ከአንድ የማኅበሩ አባል የዋስ ፊርማ ጋር። ገንዘብ አይጠየቅም።

ተማሪ አባል፦
በዚህ ተስማምቻለሁ። ዋስም አላጣም።

ጸሐፊ፦
«የመያዣ ገንዘብ» የሚለው ወጥቷል። «ፊልም የማጉረስ ፈተናና የአንድ አባል ዋስትና» በሚል ተተክቷል። ሰዓት ሠሪው ወንድማችን የዕቃ ዋጋውን እስከ ዓርብ ከላከልኝ ረቂቁን ለሥራ አስፈጻሚው አስገባለሁ።

ሰዓት ሠሪው አባል፦
ነገ መርካቶ እወርዳለሁ፣ ማታ ታገኚዋለሽ።