«አንቺ ብሌየር ነሽ» የሚለውን የስልክ መጠይቅ ልጄ ብታምነው ምን ላድርግ?

የሐይቅ ዳር እናት፣ ባሕር ዳር፦
የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ከጓደኞቿ ጋር «ከድራማው ገጸ ባሕርያት የትኛዋን ትመስያለሽ?» የሚሉ መጠይቆችን በስልክ መሙላት ትወዳለች። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2012 ይተላለፍ ስለነበረው «ጎሲፕ ገርል» የተሰኘ የአሜሪካ ድራማ የተዘጋጀ አንድ መጠይቅ «አንቺ ብሌየር ነሽ፤ ጠንካራ መስለሽ ብትታዪም ሆድሽ ባሻ ነው» ካላት ወዲህ፣ ከአብሮ አደጓ ጋር ተጣልታ እንድትታረቅ ስለምናት «ብሌየር ቀድማ ይቅርታ አትጠይቅም» አለችኝ። ይህ ነገር በእርግጥ ባሕርይን ይለካልን? ልከልክላት ወይስ ልተዋት?

የሥነ ልቦና መምህር፣ ፔዳ ግቢ፦
ጤና ይስጥልኝ እኅቴ። እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ተማሪዎቹን የባሕርይ መጠይቅ አስሞልቶ ለእያንዳንዳቸው የግል ውጤት ነው ያለውን ጽሑፍ ሰጣቸው፤ ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ0 እስከ 5 እንዲመዝኑ ሲጠይቃቸውም አማካዩ 4.26 ሆነ። ጽሑፉ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ አብዛኛውንም ያገኘው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። «ጠንካራ መስለሽ ብትታዪም ሆድሽ ባሻ ነው» የሚለውን የማይቀበል ሰው በባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለኝም። የሌሎቹን ገጸ ባሕርያት ውጤትም ስማቸውን ሸፍነው ያስነብቧት፤ ከአንድ በላይ የሚሆነው እርሷን ሲገልጽ ታገኘዋለች።

ፕሮግራም ሠሪ፣ ፖሊ አካባቢ፦
አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ምርጫ ለአንዷ ወይም ለሌላዋ ገጸ ባሕርይ ነጥብ ይጨምራል፤ በመጨረሻም ብዙ ነጥብ ያገኘችው ትወጣለች። «ማንንም አትመስይም» የሚል ውጤት ስለማይኖር የሞላው ሰው ሁሉ የግድ አንዷን ይሆናል። ጥያቄዎቹም ድራማው የሚያሳየውን፣ በኒው ዮርክ ከተማ የማንሃተን ሰፈር የሚኖሩ ሀብታሞችን ኑሮ ተከትለው የተጻፉ ናቸው፤ የዓርብ ምሽትሽን የት ታሳልፊያለሽ ተብላ ከድግስና ከውድ ምግብ ቤት ሌላ አማራጭ የማታገኝ የግሽ ዓባይ ልጅ፣ የማታውቀውን ኑሮ መርጣ በእርሱ ትመዘናለች። አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልምከርዎ፦ ውጤቱን ለማየት በፌስቡክ ግቢ የሚል መጠይቅ ከሆነ አትሙላው። እ.ኤ.አ. በ2018 በተጋለጠው፣ ካምብሪጅ አናሊቲካ በተባለ የፖለቲካ አማካሪ ድርጅት ጉዳይ እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ የፌስቡክ ተጠቃሚዎች መረጃ የተወሰደው በአንድ የባሕርይ መጠይቅ በኩል ነበር፤ ከሞሉት ሰዎች አልፎ የጓደኞቻቸውም ጭምር።

የአንደኛ ዓመት ተማሪ፦
እማማ፣ እባክዎ አይከልክሏት። እኛም ከትምህርት ቤት ስንወጣ ጣና ዳር ተቀምጠን እንሞላ ነበር፤ የሚጠቅመው ውጤቱ ሳይሆን ከውጤቱ በኋላ የሚነሣው ክርክር ነበር። መጠይቁ እኔን ለራሷ ብቻ የምታስብ ናት ሲለኝ አንዷ ጓደኛዬ «ታምሜ በቀረሁ ጊዜ ማስታወሻ የገለበጠችልኝ እርሷ ናት፤ ሐሰት ነው» ብላ ተከራከረችልኝ፤ ጓደኞቼ በምን እንደሚያውቁኝ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። በኋላም ጓደኛሽ ፈተና ላይ መልስ ብትለምንሽ ምን ታደርጊያለሽ የሚል ዓይነት የራሳችንን መጠይቅ ጻፍን፤ ለየትኛው መልስ ስንት ነጥብ እንስጥ ስንባል ግን መስማማት አቃተን። ልጅዎም ከተጣላቻት ጓደኛዋ ጋር አንድ ብትጽፍ ጥሩ ይመስለኛል።

የሐይቅ ዳር እናት፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጓደኛዋን እናት ስለማውቃት ቅዳሜ ከሰዓት ልጇን ይዛ ለቡና እንድትመጣ እጠራታለሁ፤ ወረቀትና እስክሪብቶም አዘጋጅላቸዋለሁ።