የሆስፒታል ክፍያ ተመንና የጤና መድን ጥቅም፦ የዕድሮች ኅብረታችን የጋራ ሐሳብ ረቂቅ የዕቅድ ውይይት

ከኅብረቱ ጸሐፊ

የተከበራችሁ የአባል ዕድሮች ተወካዮች፣

ባለፈው ስብሰባችን እንደተወሰነው፣ ስለ ሆስፒታሉ የአገልግሎት ክፍያ ተመን ማሻሻያና ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የጥቅም ዝርዝር (መድኑ ስለሚሸፍናቸው አገልግሎቶች) ለጤና ቢሮ የምናቀርበውን የጋራ ሐሳብ በጽሑፍ ተወያይተን እናዘጋጃለን። አዲስ የተመረጣችሁ ተወካዮች ስላላችሁ ጥቂት ላስታውስ። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረና ደመወዝተኛ ያልሆነውን ማለትም ገበሬውን፣ ነጋዴውንና የዕለት ሠራተኛውን በቤተሰብ ደረጃ የሚያቅፍ ነው። ለደመወዝተኛውና ለጡረተኛው የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የተደነገገ ሌላ ሥርዓት ስለሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ እንዳናደባልቃቸው አደራ እላለሁ።

የመጀመሪያው ረቂቅ አራት ነጥቦች አሉት። የተመኑ ጭማሪ እንዲቆም፣ የቤተሰብ መዋጮው ባለበት እንዲጸና፣ በሆስፒታሉ ውስጥ የጠፋ መድኃኒት ከውጭ ሲገዛ መድኑ ወጪውን እንዲተካ፣ እንዲሁም የኩላሊት እጥበት በመድኑ ሽፋን ውስጥ እንዲገባ ይጠይቃል። ተቃውሞም ሆነ ማሻሻያ ያለው ሰው ምክንያቱን ዘርዝሮ እንዲጽፍ በአክብሮት እጠይቃለሁ። «እስማማለሁ» ብቻ ብሎ ማለፍ ደብዳቤው ቢሮ ሲደርስ ለሚነሣው ጥያቄ መልስ አይሆነንም።

ከሆስፒታል ሒሳብ ክፍል በጡረታ ከተሰናበቱ አባል

ጸሐፊያችንን እያመሰገንሁ፣ የመጀመሪያው ነጥብ ከረቂቁ እንዲወጣ እጠይቃለሁ። ይህን በማለቴ የምትቆጡ እንደምትኖሩ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ዕድሜዬን በክፍያ መስኮት ጀርባ ያሳለፍሁ ሰው በመሆኔ ያየሁትን ሳልናገር ብቀር ኅብረቱን መበደል ይሆንብኛል።

ከ1990 ዓ.ም. የጤና ክብካቤ ፋይናንስ ስትራቴጂ በፊት፣ ታካሚው በሆስፒታል የሚከፍለው ገንዘብ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ገቢ ይደረግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደረጃ በደረጃ የጤና ተቋማት የሰበሰቡትን ገቢ ለራሳቸው አስቀርተው በሥራ አመራር ቦርዳቸው ውሳኔ እንዲጠቀሙበት ተፈቀደ። ደመወዙን መንግሥት ይከፍላል፤ የመድኃኒቱ፣ የላቦራቶሪ ኬሚካሉ፣ የጓንቱና የስሪንጁ ወጪ ግን በአብዛኛው የሚሸፈነው ከዚሁ ገቢ ነው። ስለዚህ ዛሬ በመስኮት የሚከፈለው ገንዘብ ለማንም ትርፍ ሳይሆን የሚቀጥለው ወር መድኃኒት መግዣ ነው። ተመኑ ለዓመታት ሳይነካ ቆይቶ የዕቃው ዋጋ ብቻ ሲወጣ፣ በተለይም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ሲወደድ፣ ሆስፒታሉ በእያንዳንዱ ምርመራ እየከሰረ ይሄዳል። በርካሽ ካርድ አውጥተን ባዶ መድኃኒት ቤት ደጃፍ የምንቆመው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከመድኑ ጋር ያለው ትስስር ደግሞ ይበልጥ ሊጤን የሚገባው ነው። መድኑ ለሆስፒታሉ የሚከፍለው በአገልግሎት ዓይነት እየተቆጠረ፣ በሥራ ላይ ባለው ተመን ልክ ነው። መዋጮው የሚሰበሰበው በዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን፣ መጠኑም በዚያን ጊዜ ባለው ተመን ላይ ተመሥርቶ ይወሰናል። ለማስረዳት ያህል፣ መዋጮው የተሰላው የአንድ ምርመራ ዋጋ 100 ብር በነበረበት ጊዜ ሆኖ በዓመቱ አጋማሽ 180 ብር ቢገባ፣ ገንዘቡ ዓመቱ ሳያልቅ ያልቃል። ገንዘቡ ሲያልቅ መድኑ የሆስፒታሉን ሒሳብ ማወራረድ ያቅተዋል፤ ሆስፒታሉም ያልተከፈለውን ይዞ መድኃኒት መግዛት ያቆማል፤ በመጨረሻም የመድን ደብተር የያዘው አባል «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ተብሎ ይሸኛል። ጉዳቱን ያመጣው የተመኑ መጨመር ብቻ ሳይሆን፣ ተመኑና መድኑ በተለያየ ቀንና በተለያየ ጠረጴዛ ላይ መወሰናቸው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነጥብ ተለውጦ «የአገልግሎት ክፍያ ተመንና የጤና መድን መዋጮና ጥቅም ዝርዝር በአንድ ላይ ተሰልተው ከአንድ ቀን ጀምሮ ይጽኑ፤ ከዚያም በየተወሰነ ዘመን በሕግ ይከለሱ» ቢባል ይሻላል። ቁጥር በሕግ ተጽፎ ሲረሳ ምን እንደሚሆን የተሽከርካሪ አደጋ መድን አዋጅን ማየት ይበቃል። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለማንኛውም የአደጋ ተጎጂ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የድንገተኛ ሕክምና ያስገኝ ነበር፤ ያ ገንዘብ በ2005 ዓ.ም. የነበረውን አቅም ዛሬ ይዞ እንዳልቆየ ለማናችሁም አልነግርም።

ከአንድ የሴቶች ዕድር ገንዘብ ያዥ

ጋሼ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ምክንያታቸው ገብቶኛል፤ የመጀመሪያው ነጥብ እንዲቀየርም እስማማለሁ። ሆኖም ጭማሪውን ተቀብለን ሦስተኛውን ነጥብ በለሰለሰ ቃል ከጻፍን ሁለት ጊዜ እንከፍላለን፤ አንድ ጊዜ በመዋጮ፣ ሁለተኛም በግል መድኃኒት ቤት።

እኅቴ የደም ግፊትና የስኳር ሕመምተኛ ናት። የመድን መዋጮዋን አንድ ዓመት እንኳ አላስተጓጎለችም። ክትትሏን በነፃ ታገኛለች፤ ሐኪሙም በአክብሮት ያያታል፤ ወደ መድኃኒት ክፍሉ ስትደርስ ግን ከታዘዘላት ሦስት መድኃኒት አንዱን ብቻ አግኝታ የምትመለስበት ወር ይበዛል። ደረሰኞቹን በፌስታል አስቀምጣለች። የሚተካላት መስሏት ወደ መድን ጽሕፈት ቤቱ ይዛ በሄደች ጊዜ የተነገራት፣ ጽሕፈት ቤቱ ውል ከሌለው መድኃኒት ቤት የተገዛ ስለሆነ የሚከፈልበት መንገድ እንደሌለ ነው። ውል ያለው መድኃኒት ቤት የት እንደሚገኝ ስትጠይቅ ደግሞ በከተማችን ገና እንዳልተያዘ ነገሯት።

በአዲስ አበባ የከነማ መድኃኒት ቤቶች በውል ለመድን አባላት መድኃኒት እንደሚሰጡ ሰምተናል። እኛም የምንጠይቀው እንዲህ ያለውን ነው። «ወጪው ይተካ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ገንዘብ የሌለው ሰው አስቀድሞ ገዝቶ ወር ሙሉ ተተኪ ሊጠብቅ አይችልምና። ስለዚህ ነጥቡ «ሆስፒታሉ የሌለውን መድኃኒት አባሉ ገንዘብ ሳያወጣ፣ በማዘዣውና በመድን ደብተሩ ብቻ፣ ውል ከተያዘለት መድኃኒት ቤት እንዲያገኝ» ተብሎ ይጻፍልን።

አንድ ነገር ልጨምር። ዕድር ለቀብርና ለሐዘን የተቋቋመ ነው። ባለፉት ጊዜያት ግን ለመድኃኒት መግዣ ከሣጥናችን ብድር የሚጠይቁ አባላት በዝተዋል፤ እኛም እንቢ ማለት አልቻልንም። ይህ በደብዳቤው መግቢያ ላይ ቢጠቀስ፣ ጉዳዩ እኛን ለምን እንደሚመለከተን ለቢሮው ግልጽ ይሆናል።

በጤና ጣቢያ በማገልገል ላይ ካሉ ነርስ አባል

ሁለቱም የጻፉት ትክክል ነው። እኔ በረቂቁ ውስጥ ጨርሶ ያልተነሣውን የሪፈር ጉዳይ ላቅርብ። በመድኑ አሠራር አባሉ በጤና ጣቢያ ጀምሮ የሪፈር ወረቀት ይዞ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይኖርበታል፤ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ያለ ወረቀት በቀጥታ የሄደ የወጪውን ግማሽ ራሱ ይሸፍናል። ሥርዓቱ መልካም ነው፤ ሆስፒታሉ በጉንፋንና በጨጓራ እንዳይጨናነቅ ይረዳል። ነገር ግን በእኛ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ኬሚካል ሲያልቅ፣ እዚያው ሊከናወን ይገባ የነበረውን ምርመራ ለማሠራት ብቻ ሰውን ወደ ሆስፒታል እንልካለን። ታካሚው የትራንስፖርት ወጪ ይጨምርበታል፣ መድኑም ለአንድ ቀላል ምርመራ የሆስፒታል ተመን ይከፍላል። ስለዚህ የጥቅሙ ዝርዝር ሲከለስ ለየትኛው ደረጃ የጤና ተቋም የትኛው ምርመራና የትኛው መድኃኒት ግዴታ እንደሆነ በግልጽ ተጽፎ በየግቢው በሚነበብ ቦታ እንዲለጠፍ እንጠይቅ።

መድኃኒት ስለሚጠፋበት ምክንያትም አንድ ቃል ልበል። ተቋማት በቅድሚያ ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ይጠይቃሉ፤ እዚያ ሲታጣ ብቻ መታጣቱ በጽሑፍ ተረጋግጦ ከግል አቅራቢ ይገዛሉ። ይህ ምልልስ ጊዜ ይወስዳል። ጋሼ ያሉት የሒሳብ መዘግየት ሲጨመርበት ነው ወሩ የሚያልፈው።

ደግሞም ወሊድ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና መድን ኖረም አልኖረም ከክፍያ ነፃ ናቸው። አዲሱ ተመን ሲወጣ ለወላድ የሚያስፈልገው ጓንትና መርፌ በሌላ ስም ተመዝግቦ ክፍያ እንዳይሆን፣ በደብዳቤው ውስጥ አጭር አንቀጽ ይግባ።

የኩላሊት ሕመምተኛ ካለበት ቤተሰብ የመጡ ተወካይ

እስካሁን አራተኛውን ነጥብ ማንም አላነሣም። ዝም የተባለው ስለተረሳ ነው ወይስ ሊወጣ ስለታሰበ? የባለቤቴ ወንድም በሳምንት ሦስት ጊዜ ሊታጠብ የሚገባው፣ በገንዘብ እጥረት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚታጠብ ሰው ነው። የመድን መዋጮው በየዓመቱ ይከፈላል። ለጉንፋን የሚሠራ፣ ሰው ሊሞት በደረሰ ጊዜ ግን የማይሠራ መድን ምን እንደሚባል ልታስረዱኝ ትችላላችሁ?

ከሆስፒታል ሒሳብ ክፍል በጡረታ ከተሰናበቱ አባል

ወንድሜ፣ ነጥቡ አልተረሳም፤ ለመናገር የሚከብድ ስለሆነ ዘግይቻለሁ። የእጥበት ወጪ ሳያቋርጥ ለዕድሜ ልክ የሚቀጥል ነው። በወረዳ ደረጃ የተሰበሰበ መዋጮ ጥቂት ቋሚ ታጣቢዎችን ብቻ ቢሸከም፣ ለሌላው አባል የሚተርፈው ጥቂት ነው። ለደመወዝተኛው የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን ደንብ እንኳ እጥበትን የሸፈነው ለድንገተኛ የኩላሊት ድክመት ብቻ ነው። ይህን የምለው አይገባም ለማለት ሳይሆን፣ በወረዳው ሣጥን ላይ ብቻ ጭነን ብንጠይቅ በአንድ መስመር «አይቻልም» ተብለን የቀረው ሐሳባችንም አብሮ እንዳይወድቅ ሰግቼ ነው። ወጪው በክልል ወይም በአገር ደረጃ በሚቋቋም የጋራ ቋት እንዲሸፈን፣ እስከዚያም ድረስ የእጥበት ዕቃዎች ከቀረጥና ከግብር ነፃ እንዲገቡ ብንጠይቅ መልስ የማግኘት ዕድላችን የሰፋ ነው።

ከኩላሊት ሕመምተኛው ቤተሰብ ተወካይ

በክልል ደረጃ የሚለውን እቀበላለሁ። «ወደፊት ይታሰብበታል» የሚል ቃል ግን አልቀበልም፤ የጊዜ ገደብ ይኑረው።

ከሴቶች ዕድር ገንዘብ ያዥ

የጊዜ ገደቡን እደግፋለሁ። ስለ መዋጮው ደግሞ፣ ባለበት ይጽና የሚለው ሁለተኛው ነጥብ ከአዲሱ የመጀመሪያ ነጥብ ጋር እንደማይስማማ አስተውያለሁ። ተመኑ ከፍ ብሎ መዋጮው እንዳለ ከቀረ ጋሼ የፈሩት ነገር ይመጣል። ለድሃው መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል፤ በድሃና በባለሀብት መካከል ያለው ግን አንድ ዓይነት መዋጮ ከመክፈል እንደ ኑሮው ደረጃ ተለይቶ ቢከፍል ይሻላል። ደረጃውን የሚለየው ማን እንደሆነ ግን ከወዲሁ እንነጋገር፤ ዝምድና የገባበት ምዝገባ ዕድርንም መድንንም ያፈርሳል።

ከኅብረቱ ጸሐፊ

ውይይቱን ተከትዬ የተሻሻለውን ረቂቅ እነሆ አቅርቤአለሁ።

«የከተማችን ዕድሮች ኅብረት የሆስፒታሉን የአገልግሎት ክፍያ ተመን ማሻሻያ በመርሕ አይቃወምም። ሆኖም ተመኑ ከጤና መድኑ መዋጮና የጥቅም ዝርዝር ጋር በአንድነት ተሰልቶ፣ ከአዲሱ የመድን ዓመት መጀመሪያ ቀን አስቀድሞ ሥራ ላይ እንዳይውል፣ ወደፊትም የሚከለስበት ዘመን በመመሪያ እንዲወሰን ይጠይቃል። ሆስፒታሉ የሌለውን መድኃኒት አባሉ ያለ ቅድሚያ ክፍያ የሚያገኝበት የመድኃኒት ቤት ውል በከተማው እንዲፈጸም፤ መድኑ የተቋማትን ሒሳብ የሚያወራርድበት ቀን ተወስኖ ለሕዝብ እንዲገለጽ፤ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ሊገኝ የሚገባው ምርመራና መድኃኒት ተዘርዝሮ በየግቢው እንዲለጠፍ፤ በሕግ ነፃ የሆኑ አገልግሎቶች ከተያያዥ ዕቃ ክፍያም ነፃ ሆነው እንዲቀጥሉ ያሳስባል። የኩላሊት እጥበትን በሚመለከት በክልል ደረጃ የጋራ ቋት እንዲቋቋምና የሚጀመርበት ጊዜ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲገለጽልን ኅብረቱ በጥብቅ ይጠይቃል።»

የመዋጮ ደረጃ ጉዳይ ግን ገና አልተስማማንበትም። ሁለት አማራጭ ቀርቧል፤ ደረጃው በቀበሌ ኮሚቴ እንዲለይ፣ ወይም የየዕድሩ ዳኞችና የቀበሌ ተወካዮች በጋራ እንዲለዩ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ማን አቅም እንዳለው ከዕድር ዳኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ስሕተት ቢፈጠርም ቅሬታው የሚቀርብበት ሰው በየሰፈሩ አለ። ይህ በድምፅ እንዲወሰን ለሚቀጥለው እሑድ ቀጠሮ ይዘናል።

ከዚያ በፊት የቀረን ሥራ ማስረጃ ማሰባሰብ ነው። ከውጭ መድኃኒት የገዙ የመድን አባላት የደረሰኝና የማዘዣ ቅጂ በየዕድሩ ጸሐፊ በኩል እንዲሰበሰብ፣ የሕመምተኛው ስም በብዕር ተሸፍኖ የመድኃኒቱ ስም፣ ቀኑና ዋጋው ብቻ እንዲታይ ይሁን። ደረሰኝ የጠፋበት ማዘዣውን ብቻ ቢያመጣ እንቀበላለን፤ ለየብቻ አድርገን ግን እንመዘግበዋለን።